የማይካፈሉት ውርስ፦ አሮጌ ጠመንጃ በቢቸናና በሞጣ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና አልፎ ወደ ሞጣ የሚዘልቀው መንገድ በስተቀኝ የዓባይን ሸለቆ፣ በስተግራ የጮቄን ተራራ እያስከተለ ሰፊውን የጤፍ አገር ለሁለት ይከፍለዋል። በዚህ አገር ወደ አንድ የገበሬ ቤት የገባ እንግዳ ዐይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ የሚያየው ጥቂት ነው። ከለመደ በኋላ ግን ከምሰሶው ላይ በማንገቻው የተንጠለጠለ፣ በአሮጌ ጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ማየቱ በአያቶቻችን ዘመን የተለመደ ነበር። የቤቱ ልጆች በእጃቸው እንዳይነኩት የተከለከሉት፣ ነገር ግን ስሙን፣ የመጣበትን አገርና የያዙትን ሰዎች ተራ እንደ ዳዊት በቃላቸው እንዲያጠኑ የተደረጉት ያ ነገር ጠመንጃ ነው።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ጉዳይ ከራሴ ቤተ ዘመድ የመጣ ነው። የእናቴ ወንድም በቢቸና ገጠር የሚኖሩ የሰማንያ አምስት ዓመት አዛውንት ናቸው። ወንድ ልጅ አልወለዱም። ልጠይቃቸው በሄድሁ ጊዜ ጨርቁን ፈትተው አንድ ውጅግራ ከጉልበቴ ላይ አኖሩና «ያንተ ነው» አሉኝ። እኔ በከተማ የምኖር አስተማሪ ነኝ፤ ከጠመኔ የከበደ መሣሪያ ይዤ አላውቅም። «ምን ላደርገው ነው?» ብላቸው፣ «መጀመሪያ ስማው» ሲሉ መለሱልኝ። የሰማሁትን ካነበብሁትና ከብረቱ ላይ ከተጻፈው ጋር እያመሳከርሁ ለአንባቢ አቀርባለሁ።

ውጅግራ የሚለው ቃል «ፉዚል ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ስም በአማርኛ አፍ ተለስልሶ የወጣ ነው። ግራ የፈረንሳይ ጦር መኮንን የነበረው የባዚል ግራ ስም ሲሆን፣ ጠመንጃው ለፈረንሳይ ሠራዊት የታደለው ከእ.ኤ.አ. 1874 ጀምሮ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1870 እና በ1871 በጀርመኖች ከተሸነፈች በኋላ በወረቀት የሚጠቀለለውን የሻስፖ ጥይት ትታ ቀለሁ ናስ የሆነ ጥይት ለማስገባት ስትል ያሠራችው መሣሪያ ነው። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ከ4 ኪሎ ጥቂት ከፍ ይላል። አንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል። የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር፣ የእርሳሱ ክብደት 25 ግራም ነው። የዛሬ ወጣት የለመደውን ጥይት ከዚህ እርሳስ አጠገብ ቢያኖረው መርፌ ከወስፌ ጎን ያኖረ ይመስለዋል።

የፈረንሳይ በቀል ግን በዚህ ጠመንጃ አልተፈጸመም። እ.ኤ.አ. በ1886 ጭስ የሌለው ባሩድ የሚተኩሰው ባለ 8 ሚሊ ሜትሩ ለበል፣ በእኛ አጠራር ለበን፣ ሲወጣ በመቶ ሺህ የሚቆጠረው ውጅግራ በአንድ ጊዜ አሮጌ ሆነ። በአውሮፓ አሮጌ የሆነው ነገር ደግሞ በኦቦክና በጅቡቲ ወደብ በኩል አዲስ ሆኖ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። በዚያው ዘመን ባለቅኔው አርቱር ራምቦ እንኳ ቅኔውን ትቶ ከታጁራ ጠመንጃ አስጭኖ በ1879 ዓ.ም. ለንጉሥ ምኒልክ ሊሸጥ ወደ ሸዋ ወጥቶ ነበር፤ ከንግዱ ያተረፈው ትርፍ ግን ከቅኔው እንዳገኘው ገንዘብ ጥቂት ነበር። ውጅግራ ወደ ግሪክ አገርም ተሻግሯል፤ በዚያም «ግራስ» የሚለው ስም እንደኛው «ውጅግራ» የጠመንጃ መጠሪያ ሆኖ ነበር።

በአገራችን የመሣሪያ ስም የታሪክ መዝገብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሰናድር በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የመጣው የእንግሊዝ ጦር የያዘውን ስናይደር ያስታውሳል። ለበን ፈረንሳይን፣ ቤልጅግ ቤልጅግን፣ ምንሽር ኦስትሪያዊውን ማንሊኸርን ይጠራል። ትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጠ የእነማይ ገበሬ የአውሮፓን መንግሥታት ከነጠባያቸው ለይቶ ያውቅ የነበረው በጠመንጃቸው ነው።

የአጎቴን ጠመንጃ ወደ ብርሃን አውጥቼ ስመለከት ከብረቱ ጎን «ሴንት ኤቲየን» የሚል ጽሑፍና «1874 ዓይነት» የሚል ምልክት አገኘሁ። ሴንት ኤቲየን የፈረንሳይ መንግሥት መሣሪያ ፋብሪካ የነበረበት ከተማ ነው። ይህ ግኝት ግን ችግር አመጣብኝ። በቤተ ዘመዱ ሲነገር የኖረው ቅድመ አያቴ በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ጠመንጃውን ከጣሊያን ወታደር እጅ ማርከው አመጡት የሚል ነው። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ጦር አስከትለው ዓድዋ መዝመታቸው የታወቀ ነው፤ ቅድመ አያቴም አብረው ሄደው ይሆናል። ነገር ግን የጣሊያን ጦር በዚያ ቀን በብዛት የያዘው ቬተርሊ የሚባለውን ባለ 10.35 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ እንጂ የፈረንሳዩን ውጅግራ አልነበረም። ውጅግራ በዚያ ጦርነት በብዛት የነበረው በእኛው ወገን እጅ ነው። እንግዲያውስ ጠመንጃው ወደ ዓድዋ ከዘመተ ከኢትዮጵያውያን ጋር ዘመተ እንጂ ከጠላት አልተማረከም ማለት ነው። ይህን በትሕትና ለአጎቴ ባስረዳቸው ጥቂት አሰቡና «የፈረንሳይ ከሆነማ ከፈረንሳይ ማርከነዋል» አሉ። የዓድዋ ምርኮ ነው የማይባል አሮጌ ጠመንጃ በጎጃም ምድር የሚገኝ አይመስለኝም። ይህ ግን ውሸት ነው ተብሎ የሚጣል ነገር አይደለም፤ ሰው ለንብረቱ የሚሰጠው የትውልድ ሐረግ ምን ሊያከብርና በምን ሊከበር እንደሚሻ ያሳያል።

ከዚህ ላይ የጠመንጃ ውርስ ከመሬት ውርስ የሚለይበትን መንገድ ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገርም ይኸው ነው። በጎጃም የርስት ሥርዓት መሬት ከአቅኚ አባት ይወረዳል፤ በአባትም በእናትም በኩል ይቆጠራል። ወንዱም ሴቱም ልጅ ድርሻውን መጠየቅ ይችል ነበር። አባት አንዱን ልጅ ቢወድ ሌላውን ቢጠላ የደም ቆጠራውን ሊሽረው አይችልም፤ በዕድሜው ሙሉ ያልታየ የሩቅ ዘመድ እንኳ አንድ ቀን መጥቶ «እኔም የአቅኚው ልጅ ነኝ» ብሎ መሟገት መብቱ ነበር። መሬት ስለዚህ ይከፈላል፤ ይሸነሸናል። ጠመንጃ ግን አይከፈልም። ሰደፉ ለታላቁ፣ አፈሙዙ ለታናሹ ሊሰጥ አይችልም። አባት በሕይወት ሳለ በሠርግ ቀን፣ ወይም በመጨረሻው ሰዓት በነፍስ አባቱ ፊት ሲናዘዝ፣ ከልጆቹ አንዱን ይመርጣል። እንግዲህ ርስት ከትውልድ የሚመጣ መብት ሲሆን፣ ጠመንጃ ግን የአባት ፍርድ ነው። ማን ታማኝ፣ ማን ቁጡ፣ ማን ቤቱን የሚያስከብር እንደሆነ አባት ሳይናገር የሚናገርበት መንገድ ነው።

ፍርድ ባለበት ደግሞ የተፈረደበት አለ። በእኛ ቤት ቅድመ አያቴ ታላቁን ልጃቸውን አልፈው ጠመንጃውን ለታናሹ፣ ለአያቴ ሰጡ። ታላቁ ወንድም መሬቱን እኩል ተካፈለ፤ በሬውን ተካፈለ፤ ከወንድሙ ቤት እህል ግን እስኪሞት ድረስ አልቀመሰም። አጎቴ ይህን ሲነግሩኝ ስለ ዓድዋ ሲያወሩ ከነበራቸው ድምፅ በጣም ዝቅ አድርገው ነው።

የጠመንጃው ሁለተኛ ዘመን የጣሊያን ወረራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 የአውሮፓ መንግሥታት በወራሪውም በተወራሪውም ላይ የመሣሪያ ሽያጭ ማዕቀብ ባደረጉ ጊዜ ፋብሪካ ያለው ወገን አልተጎዳም፤ የተጎዳው በአያቱ ጠመንጃ የሚተማመነው ወገን ነው። ጣሊያኖች ጎጃም ከገቡ በኋላ ገበሬው መሣሪያውን እንዲያስረክብ ማዘዛቸው በ1930 ዓ.ም. በጎጃም ለተቀጣጠለው ዐመፅ ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። ይህም የሚያስደንቅ አይደለም። ለጣሊያን ሹም ጠመንጃ የብረት ዕቃ ነበር፤ ለቢቸና ገበሬ ግን አስረክብ መባል አባትህ አንተን መምረጡ ስሕተት ነበር የመባል ያህል ነው።

በቢቸናና በደጀን በኩል የበላይ ዘለቀ፣ በሌላውም የጎጃም አውራጃ የኃይሉ በለው፣ የመንገሻ ጀምበሬና የነጋሽ በዛብህ ጦር የተሰበሰበው በአብዛኛው ከየቤቱ ምሰሶ ላይ በወረደ መሣሪያ ነው። በሞጣ በኩል ዓባይን የሚያሻግረው የፋሲል ዘመን የድንጋይ ድልድይ መካከሉ የተቆረጠውና «ሰባራ ድልድይ» የተባለው በዚሁ የወረራ ዘመን የጠላት ጦር እንዳይሻገር ሲባል ነው።

በዚህ ጦርነት ውጅግራ ምን ጠቀመ የሚለውን ጥያቄ በጥቂቱ ማብራራት ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ስለ ጀግናው እንጂ ስለ መሣሪያው አሠራር አይጻፍምና። ውጅግራ ሁለት ከባድ ጉድለቶች ነበሩት። አንደኛው ጥቁር ባሩድ ስለሚተኩስ ከአፈሙዙ የሚወጣው ነጭ ጭስ የተኳሹን ቦታ ለጠላት ይጠቁማል፤ አርበኛው ተኩሶ ወዲያው ቦታ መለወጥ ነበረበት። ሁለተኛው ከጣሊያን ወታደር የተማረከ ባለ 6.5 ሚሊ ሜትር ጥይት በ11 ሚሊ ሜትር አፈሙዝ ውስጥ አይሠራም። ነገር ግን ጉድለቱ ራሱ አንድ በጎ ነገር ነበረው። ጭስ የሌለውን ባሩድ በጎጃም ገጠር የሚያዘጋጅ አልነበረም፤ ጥቁሩን ባሩድ ግን ከጨው ባሩድ፣ ከድኝና ከከሰል ቀምሞ መሥራት የሚችል ባለሙያ አይጠፋም ነበር። የናሱ ቀለህ ከተተኮሰ በኋላ ተለቅሞ ባሩድና እርሳስ እንደገና ይሞላበታል። ስለዚህ ባለ ውጅግራ ከጥይቱ ይልቅ ለቀለሁ ይሳሳ ነበር። አያቴም ሲዋጉ ተኩሰው ሲያበቁ ቀለሁን ከሣር ውስጥ ሳይፈልጉ አይሸሹም ነበር ይባላል። ሰው እየሸሸ ናስ ሲለቅም ማሰብ አስቂኝ ሊመስል ይችላል፤ የነገው ተኩስ ያለው ግን እዚያ ሣር ውስጥ ነው።

ከነፃነት በኋላ ጠመንጃና መንግሥት በምሥራቅ ጎጃም ሰላም አላገኙም። ቢቸናን እንዲያስተዳድር ተሹሞ የነበረው ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ከመንግሥት ጋር ተጋጭቶ ከተዋጋ በኋላ እጁን ሰጥቶ በጥር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት ተቀጣ። ይህ ቅጣት በቢቸና ሕዝብ ዘንድ የተወው ቁስል ረጅም ዘመን ቆይቷል። የመሬት ግብር አዋጅ በወጣ ቁጥርም «ልኬታው ርስቴን ሊነጥቀኝ ነው» የሚለው ሥጋት ከምሰሶው ላይ ጠመንጃ ያወርድ ነበር።

ከሁሉም የታወቀው የ1960 ዓ.ም. የገበሬዎች ዐመፅ ነው። በዚያ ዓመት ኅዳር ወር የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በሞጣና በቢቸና አውራጃዎች፣ በዳሞትም ጭምር ብርቱ ተቃውሞ አስነሣ። ግብሩ አንዱ ምክንያት እንጂ ብቸኛው አልነበረም። በደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቊ ሥላሴ አገረ ገዥነት ዘመን የጦር መሣሪያ እንዲመዘገብና ባለቤቱም እንዲከፍል መደረጉ ከብርቱዎቹ ቅሬታዎች መካከል ነበር። ገበሬው የሚጠይቀው ጥያቄ ቀላል ነበር፤ ዛሬ የተመዘገበ ነገ እንደማይወረስ ማን ዋስ ይሆናል? በአባቱ የተሰጠውን ነገር ለመያዝ ለሹም ገንዘብ መክፈል ከስጦታ ላይ ቀረጥ እንደ መክፈል ተቈጠረ። ነገሩ እየከፋ ሄዶ መንግሥት ጦር አዘመተ፤ አውሮፕላን አስነሥቶም መንደሮችን ደበደበ። በመጨረሻም አገረ ገዥው ተነሡ፤ ውዝፉ ግብርም ተሰረዘ።

አጎቴ በዚያ ዓመት ጎልማሳ ነበሩ። እርሳቸውም ውጅግራቸውን ይዘው ከጎረቤቶቻቸው ጋር ወጡ። «ስንት ጥይት ተኮሱ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አንድም አልተኮስሁ፤ ጥይት መቼ ነበረውና!» አሉኝ። ያለ ጥይት ለምን ይዘውት እንደወጡ ብጠይቃቸው ጥያቄውን ራሱን እንደ ነውር ቈጥረው ዝም አሉ። የታሪክ ሰዎች በዐመፁ የተሳተፈውን ሕዝብ ኃይል በጠመንጃ ቍጥር ሲገምቱ ጥይት የሌለውንም ቈጥረው እንደሆነ እጠራጠራለሁ፤ ቢቈጥሩትም ግን የተሳሳቱ አይመስለኝም።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የርስትን ሥርዓት ሻረ። በዚህ ለውጥ ላይ ብዙ ተጽፏል፤ አንድ ነገር ግን ሳይጻፍ የቀረ ይመስለኛል። መሬት ከአባት ወደ ልጅ መውረዱ ቀርቶ በማኅበር የሚደለደል ሲሆን፣ አባት ለልጁ በገዛ እጁ የሚሰጠው ከድሮው ክብር የቀረ ነገር ቢኖር ይኸው አሮጌ ጠመንጃ ነበር። ስለዚህ ጥቅሙ ባነሰበት ዘመን ትርጕሙ በረታ። ለጦርነት ያረጀው ውጅግራ ወደ ዓባይ ቆላ ወርዶ የአደን መሣሪያ ሆነ፤ ድኩላና ከርከሮ ይታደንበት፣ ማሳ የሚያጠፋ ዝንጀሮ ይባረርበት ጀመር። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲፈርስ ክላሽንኮቭ በየገበያው ተበተነ፤ ያን ጊዜ ብዙው ባለ ውጅግራ የአያቱን ጠመንጃ ከክላሽ ላይ ምራቂ አድርጎ ሰጠ። ስንት የሴንት ኤቲየን ብረት በዚያ ጊዜ ማረሻ ሆኖ እንደቀረ አስቤ አዝናለሁ። ከብረቱ ይልቅ የማዝነው ግን አብሮ ለጠፋው የስም ተራ ነው። ክላሽ በገንዘብ ይገዛል፤ ማን ለማን ሰጠው ተብሎ አይተረክለትም።

ስለ ጠመንጃ የሚጽፍ ሰው በጀግንነት ብቻ ከተወሰነ ግማሹን እውነት ሸሸገ ማለት ነው። አጎቴ «ይህ ጠመንጃ ሁለት ታሪክ አለው፤ አንዱ በሠርግ ይነገራል፤ ሌላው አይነገርም» አሉኝና ሌላውን ነገሩኝ። ከጣሊያን መውጣት በኋላ በአንድ ክረምት፣ በእርሻ ድንበር ጠብ የተነሣ፣ አያቴ በዚሁ ውጅግራ ጎረቤታቸውን ገደሉ። ሟቹ በወረራው ጊዜ አብሯቸው የተዋጋ ሰው ነበር። ሽማግሌዎች ገብተው፣ ካህናት መስቀል ይዘው፣ የደም ካሳ ተከፍሎ ዕርቅ ወረደ። አያቴ ግን ከዚያ ወዲህ በሠርግም ሆነ በለቅሶ ላይ ፎክረው አያውቁም። በአገሩ ልማድ ጀግና ሲሞት ጠመንጃው ተዘቅዝቆ በለቅሶው አደባባይ ይዞራል፤ እርሳቸው ሲሞቱ ጠመንጃቸው ከቤት አልወጣም። የሟቹ ልጆች ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው ነበርና እንዳያዩት ተብሎ።

እንግዲህ ከጉልበቴ ላይ የተቀመጠው ስጦታ ይህ ሁሉ ነው። ጊዜውም ቀላል አይደለም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177/2012 ጠመንጃ ከእጅ ወደ እጅ በቤተ ዘመድ ቃል ብቻ እንዲተላለፍ አይፈቅድም፤ ፈቃድ ይጠይቃል። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ውጊያም በዚያ አገር ጠመንጃ መስጠትንና መቀበልን የሠርግ ወግ ብቻ ከመሆን አውጥቶታል። ጥይት የሌለው፣ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ የቈየ ብረት መሆኑን ለማን ማስረዳት ይቻላል? ለአጎቴ ይህንኑ ነገርኋቸው። አልተቈጡም። «ብረቱ እዚህ ይቈይ፤ ተራውን ጻፈው» አሉና ወደ ምሰሶው መለሱት። በአሮጌ የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ካስቀመጧቸው ሦስት ቀለሆች አንዱን ግን በመዳፌ አኖሩ። ናሱ ከብዙ መነካካት የተነሣ እንደ ወርቅ ያበራል።

ደብተሬን አውጥቼ ጻፍሁ፦ ቅድመ አያቴ፣ አያቴ፣ አጎቴ፣ እኔ። ማንበብ አይችሉምና ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው። አጎቴ በጥሞና አዳምጠው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንድ ሰው ዘለልህ» አሉኝ።

አባታቸው ሲሞቱ እርሳቸው ገና የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበሩ። እስከ ሠርጋቸው ቀን ድረስ ጠመንጃውን ለዘጠኝ ዓመት የያዙት እናታቸው ናቸው። ከጎተራው ሥር በሣር ሸፍነው ደብቀው፣ በየክረምቱ ዝገት እንዳይበላው እያወጡ ቅቤ ይቀቡት ነበር። የባላቸው ታላቅ ወንድም መጥቶ ጠመንጃው ለእኔ ይገባኛል ባለ ጊዜም፣ ብረቱ በወረራው ጊዜ ጠፍቷል ብለው ምለው መለሱት። ከማሉ በኋላ ንስሐ ገብተው አርባ ቀን ጾሙ።

የሴት አያቴን ስም በአያቴና በአጎቴ መካከል ጻፍሁና እንደገና አነበብሁላቸው።